የጎደለው ትርጉም

ግራዝማች ዓምደ ሚካኤል፣ ባላምባራስ ወሰኔ፣ ከእነርሱም በኋላ አቶ አባይነህ፤ የአስተርጓሚነትን ወግ ያቀኑት እነዚህ ሦስቱ ነበሩ። አቶ መልከ ጼዴቅ በመሐል ሜዳ ከተማ አዳራሽ ከሕዝቡ ፊት ሲቆሙ የሦስቱን ስም በልባቸው ጠሩ። ፈረንሳይኛን ያስተማሯቸው፣ ከፈረንሳይኛውም ጋር አንዲት ሕግ ያስጨበጧቸው እነርሱ ናቸው፤ አስተርጓሚ ቦይ ነው፣ በሚያልፍበት ውኃ ላይ አይጨምርም፣ ከውኃውም አይጠጣም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በዚያች ሕግ አገልግለዋል። የተኳረፉ መንግሥታት በዚያ ቋንቋ ሲታረቁ አይተዋል። በፈረንሳይኛ ሲነገር ቁጣ እንኳ ኮቱን ቆልፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ የሚገባ እንግዳ ይመስላቸው ነበር። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ከገቡ ወዲህ ግን የሚያናግሩት አላገኙም። የእኅታቸው ልጅ ዳኜ፣ የሣር ጠባቂዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ «ጋሼ፣ እሱ ቋንቋ እኮ ከእርስዎ ጋር ጡረታ ወጥቷል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ዛሬ ማለዳ ያው ዳኜ ደጃቸው ላይ አቀርቅሮ ቆመ። የጓሳን ደጋ ሜዳ ሣር ለዓመታት ዘግቶ በስምምነት የመክፈትን ልማድ ሊማሩ ከኒጀር የመጡ አምስት አርብቶ አደሮች እንግሊዝኛ አይሰሙም። በስልክ ላስተርጉም ቢል ሜዳው ላይ ኔትዎርክ የለም። ሁለት ቀን በምልክት ብቻ ሰንብተው፣ አንዳች ሳይማሩ ነገ ሊመለሱ ነው። አቶ መልከ ጼዴቅ ከረባታቸውን አስረው ተከተሉት።

በአዳራሹ የእንግዶቹ አለቃ ሐጂ ኢድሪሳ በፈረንሳይኛ ሰላምታ ሲቀርብላቸው ፊታቸው ፈካ። ሣሩ በማን ቃል እንደሚዘጋ፣ ክልከላውን የደፈረ እንዴት እንደሚቀጣ፣ በድርቅ ጊዜ ለማን እንደሚከፈት፣ ጥያቄና መልሱ ከወገን ወደ ወገን ተመላለሰ። ቋንቋው እንደ ድሮው ታዘዘላቸው።

በመጨረሻ ሐጂው ተነሥተው፣ ዐይናቸውን ዳኜ ላይ አሳርፈው፣ በፈረንሳይኛ እንዲህ አሉ።

«በጥር ወር አስተርጓሚ እንድታዘጋጁልን በእንግሊዝኛ አስጽፈን ነበር። ጸሐፊያችሁ ዳኜ በአገሩ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ እንደሌለ መለሰልን። ሁለት ቀን እንደ ደንቆሮ ዞርን። አስተርጓሚው እርስዎ እዚህ ሳሉ ይህ ለምን ተነገረን? እንግዳን መዋሸት በእናንተ ዘንድ ነውር አይደለምን?»

ሕዝቡ ትርጉሙን ይጠብቃል። አቶ መልከ ጼዴቅ ደብዳቤ መምጣቱን ገና አሁን መስማታቸው ነው። ቃሉን ቢያደርሱት የእኅታቸው ልጅ በአገር ፊት ይዋረዳል። ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አገራችሁን ዞረን አየን፣ ስለ አቀባበላችሁም እናመሰግናለን ይላሉ።»

«ያን ሁሉ ተናግረው ትርጉሙ ይህችው ናት?» አሉ ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ጌታነሽ። «ደግሞ ዳኜ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሰው ሳቀ።

«ምስጋናው ለእርሱ ነው» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለ፤ ያሳፈራቸውም መቅለሉ ነበር። በልባቸው የጠሯቸው ሦስቱ ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩባቸው መሰላቸው።

ሕዝቡ ለዳኜ አጨበጨበ። ሐጂ ኢድሪሳ ለወቀሳቸው ጭብጨባ ሲመለስላቸው ሊወጡ በትራቸውን አነሡ። ጓደኞቻቸውም ተከትለዋቸው ተነሡ። አቶ መልከ ጼዴቅ ቀና ብለው ሊያዩዋቸው አልቻሉም።

ጭብጨባው ሳይበርድ ዳኜ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ያስቀሩትን አውቄዋለሁ» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። «ደብዳቤው እኔ ዘንድ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ቋንቋ ማን ይነጋገራል ብዬ፣ ደግሞም እርስዎ እንዳይኮሩብኝ ብዬ፣ የሚያውቅ የለም ስል ጻፍሁ። ተሳስቻለሁ።»

ወደ እንግዶቹ ዞሮ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ይህችን ይቅርታ ግን ሲተረጉሙ አይቀንሱብኝ።»