የቅዳሜ ሳህኖች

"ጨው የለውም" አለ አቲንጋ፣ ማንኪያውን ወደ እጣቢው ባልዲ እየጣለ።

ዱፊ ቃሪያ መክተፏን አላቆመችም። "ምኑ?"

"ሾርባው። ውኃ ውኃ ይላል።"

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። አብረው በሠሩባቸው ዘጠኝ ዓመታት ሾርባዋን በየጠዋቱ ከሁሉም በፊት የሚቀምሰው እሱ ነው። አንድ ማንኪያ አፉ ውስጥ አገላብጦ ራሱን ይነቀንቅና ወደ ሙቀጫው ይሄዳል። አንድም ቀን ነቅፎት አያውቅም።

"ገባኝ" አለች ቢላዋውን ቁጭ አድርጋ። "ሥጋ ቀነሰች፣ ቆጥቋጣ ሆነች ልትለኝ ነው።"

"ኧረ ማሜ! ስለ ሥጋ ማን አነሳ?"

"አንተማ መቼ በቀጥታ ተናግረህ ታውቃለህ? ሥጋ አነሰ ማለት ፈርተህ ጨው ትላለህ። ባለፈውም ደሞዝ ይጨመርልኝ ለማለት ስለ ጫማህ አንድ ሰዓት አወራኸኝ።"

"ጫማው እኮ እውነትም ተቀዶ ነበር።"

ራሷ ቀመሰች። ጨዉ ልክ ነው፤ ዝንጅብሉም እስከ ጆሮዋ ድረስ ተሰማት። ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት። "ከእናቴ ጓዳ ጀምሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳማስል የኖርኩ ሴት ዛሬ ጨው ልሳት? ሂድ፣ ሙቀጫውን እጠብ!"

አቲንጋ ወደ ጓሮ ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን በሩ ጋ ዞር ብሎ አንድ ነገር ጣል ያደርግባት ነበር።

የጋናዋ ኩማሲ በወረርሽኙ ምክንያት ከተዘጋች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አደባባዩ ላይ ወታደሮች ቆመዋል፤ ያለ ጉዳይ የወጣን ሰው ቁጭ ብድግ ያሠሩታል። ምግብ ቤቶች መሸጥ ይችላሉ፣ ግን ይዞ ለሚሄድ ብቻ ነው። ዱፊ አግዳሚዎቿን አነባብራ ጥግ ላይ በገመድ አሥራቸዋለች። ሩዝ ለሚሸጡት ነገሩ ብዙም አልከበደም፤ በላስቲክ ጠቅልለው ይሰጣሉ። ፉፉ ግን ይዘውት የሚሄዱት ምግብ አይደለም። ካሳቫውና ሙዙ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ ገና እንደሞቀ ሸክላ ላይ አርፎ፣ ሾርባው ዙሪያውን ፈሶበት፣ እጁን የታጠበ ሰው ቁጭ ብሎ የሚበላው ነው። በላስቲክ ሲጠቀለል ያልበዋል፤ ቤት እስኪደርስ ደግሞ ይደርቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የሸጠችው በፊት በአንድ ምሳ ሰዓት ከምትሸጠው አይበልጥም። ዕቃ የሚያጥቡላትን ሁለት ሴቶች አሰናበተች። ማምፖንግ ላሉት እናቷ የደም ግፊት መድኃኒት ሳትልክላቸው ቀረች።

ያኔ ነው ቲቸር አሞአኮ የመጡት። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች መዘምራን ይመራሉ። ስልካቸውን ይዘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ደወሉለት። "ዱፊ ዘጋች ማለት፣ ይሄ ነገር ያለፈ ዕለት ተሰብስበን የምንበላበት የለንም ማለት ነው" አሉ ለሁሉም፣ ተማሪ በሚቆጡበት ድምፅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም እሳት እንዳያነድ፣ ሁሉም ከዱፊ እንዲገዛ አስማሙ። የላስቲኩን ነገር የፈቱትም እሳቸው ናቸው። ሁሉም የራሱን ሳህን ከነክዳኑ በጠዋት አምጥቶ ደጃፏ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ያስቀምጣል። እኩለ ቀን ላይ ፉፉው እንደተወቀጠ ሳህኑ ውስጥ ይገባል፤ ሾርባው ይፈስበታል፤ ባለቤቱ በሩጫ ይወስደዋል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጣው ሃያ ሳህን ነበር። ዛሬ አርባ ስድስት ነው። አግዳሚው ሞልቶ ከማንጎው ዛፍ ሥር እስካለው ግንብ ድረስ ተሰልፏል፤ እንደ ሰዎቹ ተራርቆ። ዱፊ የእያንዳንዱን ባለቤት ታውቃለች። ጠርዙ የቀለጠው ሰማያዊ የልብስ ሰፊው ነው። ጽጌረዳ የተሳለበት ቆርቆሮ መንታ የወለደችው የአቤና ነው። መጨረሻ ላይ ያለው፣ ከሁሉም ትንሹ፣ የናና ቦአቼ ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ትኩስ ነገር የሚያገኙት ከዚህ ሳህን ብቻ እንደሆነ ቲቸር ነግረዋታል።

አራት ሰዓት ሲሆን ቲቸር አሞአኮ ራሳቸው ሳህናቸውን ይዘው መጡ። ከመዘምራን ልብስ ቁራጭ የተሰፋ የአፍ መሸፈኛ አድርገዋል። ዱፊ በኖራ ካሰመረችው መሥመር ወዲያ ቆሙ።

"አርባ ሰባተኛ ነኝ መሰለኝ!"

"ለእርስዎማ መቶ ቢሞላም ቦታ አይጠፋም፣ ቲቸር። ወንድምዎ እንዴት ሆኑ? አክራ ያሉት።"

"ይድናል አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛማ ቀብረነው ነበር።" ሳህናቸውን አስቀምጠው ወደ ኋላ ተመለሱ። "የሚገርምሽ፣ መጀመሪያ ሳልም የለው፣ ምንም የለው። ሚስቱን ብቻ ነው ሲነዘንዝ የሰነበተው። ያበሰለችውን ሁሉ ጣዕም የለውም እያለ። ምስኪን፣ ስንት ድስት ደፋች መሰለሽ! ኋላ ነገሩ ግራ ሲገባት የላምባ ጠርሙስ ከፍታ አፍንጫው ሥር ብትይዝለት፣ ውኃ ነው አላላትም?"

ዱፊ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ደረቅ ነበር፤ ግን ደጋግማ ጠረገችው።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"ቃሪያው ዓይኔ ገባ።"

"በይ የናና ቦአቼን ፉፉ አለስልሽላቸው። ባለፈው ሳምንት ደስ ብሏቸው ደውለውልኛል፤ ጥርስ ያበቀሉ ነው የሚመስለው" ብለው ስቀው ሄዱ።

ዱፊ መደርደሪያው ሥር አጎንብሳ የሞሞኒውን ጣሳ አወጣች። ሞሞኒ በጨው ታሽቶ እንዲሸት የተተወ ዓሣ ነው፤ ትንሽ ቁራጭ ሾርባ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጎረቤቶች "ዱፊ ኧረ ፈጀሽን!" እያሉ ይጮሁባታል። ጣሳውን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

አቲንጋ ሙቀጫውን አጥቦ ጨርሶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ዘነዘናው ጭኑ ላይ ተጋድሟል። እሷን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ።

"ተቀመጥ። ዓይንህን ጨፍን።"

"ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ማሜ?" ፈገግ አለ። "ስጦታ አምጥተዋል?"

"ጨፍን አልኩህ።"

ጨፈነ። ክዳኑን ከፍታ ጣሳውን ከአፍንጫው ሥር አደረገችው። እሷ በክንዷ ርዝመት ርቃ እንኳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አቲንጋ በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበ፤ ደግሞ ሳበ።

"እጅዎን ነው ያቀረቡልኝ?" አለ።

ዱፊ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ዓይኑን ገለጠና ጣሳውን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ጣሳውን አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ሐሙስ ሌሊት በረደኝ። ዝናብ ነው ብዬ።"

"ሐሙስ ዝናብ ነበር?"

"አልነበረም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ልበል? ሰውየው በረደው ልበል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማሜ፣ ሰው አይስማ። እርስዎ አያውቁም፣ እኔን ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ። ከሰሜን አገሩ ይዞት መጣ ነው የሚሉት። ያንን ያገሬን ልጅ፣ ሽንኩርት ነጋዴውን፣ ባለፈው ሳምንት ሻንጣውን መንገድ ላይ ጥለውበታል። እሱ ደግሞ ያመመው ሆዱን ነበር።"

"አንተ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ አገርህ አልሄድክም።"

"ታዲያ እሱን ማን ይጠይቃል?"

ዱፊ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሙቀጫው ነበር። ሲሠሩ እንደዚሁ ናቸው፤ እሱ ቆሞ ይወቅጣል፣ እሷ ተቀምጣ በባዶ እጇ ሊጡን ታገላብጣለች። ዘነዘናው ሲነሳ እጇ ይገባል፤ ሲወርድ ይወጣል። እሱ ትንፋሹን ሲያስወጣ ነው እሷ እጇን የምትስበው፤ ሌላ ምልክት የላቸውም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጣቷን አንድም ቀን አልመታትም። ትናንት አሥራ አምስት ሰው የሚበላውን ፉፉ ሲወቅጡ ላቡ ክንዷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እሷም እንደ ልማዷ በትከሻዋ ጠርጋው ቀጥላ ነበር።

"እኔ ልሂድ" አለ አቲንጋ። "ጨለም ሲል በባቡር ሐዲዱ በኩል እወጣለሁ። እርስዎ ጎረቤቱን ግንበኛ ይጥሩት፤ ጉልበት አለው፣ ይወቅጥልዎታል። ሾርባው እንደሆነ ሲፈላ ነው የዋለው። ማንም ምንም አያውቅም።"

"ወታደሮቹስ?"

"የሚመቱኝ እግሬን ነው። ይድናል።"

ዱፊ ተነሥታ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄደች። ያለውን ሁሉ እያሰበች ነበር፤ የማታስብ መስላ ራሷን ልታታልል አልቻለችም። ለዛሬ የተገዛው ፍየል ድስት ውስጥ ነው። የቤቱ ኪራይ ከዚህ ቅዳሜ ነው የሚወጣው፤ የእናቷ መድኃኒትም። እሷ ራሷ ደህና ናት፤ ሞሞኒውም ሸቷታል፣ ጨዉንም ቀምሳዋለች። ግንበኛው ይወቅጣል። ሾርባው ፈልቷል። ፉፉ ግን ከተወቀጠ በኋላ እሳት አያየውም፤ ከእጇ ወደ ሳህን ነው የሚገባው። ያ እጅ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ አቲንጋ ትንፋሽ ሥር የዋለ እጅ ነው።

ሩዝስ ብትቀቅልላቸው? ሩዙን የምታወጣውም ይሄው እጅ ነው።

ሰዓቱ ወደ አምስት ተኩል እየሄደ ነው። አንዳንድ ባለ ሳህኖች በየመስኮታቸው ብቅ እያሉ ወደ እሷ ቤት ያያሉ፤ የዘነዘናውን ድምፅ እየጠበቁ። አቤና ከፎቁ ላይ አንዱን መንታ ታቅፋ "ማሜ ዱፊ! ዛሬ አረፈዳችሁ እኮ፤ የኔዎቹ ሊበሉኝ ነው!" አለቻት።

ዱፊ እጇን ብቻ አወዛወዘችላት። ፀሐዩ ወደ ግንቡ ዞሮ የናና ቦአቼ ሳህን ክዳን ላይ ወጥቶበታል። ወደ ጥላው ልታስጠጋው እጇን ዘረጋች። ክዳኑን ሳትነካ ቆመች፤ እጇን መልሳ ሽርጧ ውስጥ ደበቀችው። አቤና ከላይ ሆና እያየቻት ነበር።

ወደ ውስጥ ገብታ እሳቱን አጠፋች። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

"ቲቸር፣ ዱፊ ነኝ። ዛሬ ምግብ የለም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ሥጋው ተበላሸ እንዴ?"

"ሥጋው ደህና ነው። እዚህ ቤት በሽታው ገብቷል። ጣዕም ጠፍቷል፤ እንደ ወንድምዎ።"

ቲቸር አሞአኮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጁ ነው? የሚወቅጥልሽ፣ የሰሜኑ?" አሉ።

ዱፊ ቀና አለች። አቲንጋ ጓሮ በሩ ላይ ዘነዘናውን ተደግፎ ቆሟል። ስልኩ የሚለውን እንደሰማ ያስታውቅ ነበር። ወደ እሷ አላየም፤ መሬቱን ነበር የሚያየው።

"ሁለታችንም ነን" አለች።

"አንቺም? ቅድም ስናወራ ደህና አልነበርሽም?"

"እኔና እሱ የምንሠራው በአንድ ሙቀጫ ነው ቲቸር። ማን ለማን እንደሰጠ አላውቅም። ለጤና ቢሮ ሰዎች ሲደውሉ ሁለት ሰው ይበሏቸው።"

"ዱፊ፣ ይሄን ነገር አስበሽበታል? እሱ ብቻ ነው ካልሽ እሱን ይወስዱታል፤ ቤቱን ያጥቡታል፤ በወሩ ሰው ይመለሳል። አንቺም ነሽ ከተባለ ግን... እኔ እንኳ ባስረዳቸው የዚህን መንገድ ሰው ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ።"

"ከአሁን በኋላ ማንም ከእጅሽ አይበላም።"

"ለባለ ሳህኖቹ ይደውሉላቸው" አለች ዱፊ። "መጥተው ይውሰዱ። እኔ አልነካኋቸውም።"

ቲቸር አሞአኮ ስልኩን ዘጉት። ብዙም ሳይቆይ በመንገዱ ላይ መስኮቶች እየተከፈቱ ይዘጉ ጀመር። አንድ በአንድ እየወጡ ሳህናቸውን በጨርቅ ይዘው ወሰዱ። ሰላምታ የሰጣት የለም። አቤና ራሷ አልወረደችም፤ ጽጌረዳው ያለበት ቆርቆሮ እዚያው ቀረ።

አቲንጋ ከቆመበት አልተነቃነቀም። "ማሜ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?" አለ በመጨረሻ።

"ልብስህን ያዝ" አለችው። "ብርድ ልብሱንም። እዚያ ይሰጡ አይስጡ አላውቅም።"

መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወርደው ስማቸውን ጻፉ። አቲንጋ ቀድሞ ገባ። ዱፊ በሩን ቆለፈችና አጠገቡ ተቀመጠች።