የእሺ ነገ ሕመም

ሚኒባሷን «እሺ ነገ» ያሏት ተማሪዎቹ ናቸው። ልጅ ደግሞ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም። አንዳንድ ቀን ቁልፉ ገና ሲዞር ብድግ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ግን ጭጭ ነው፣ ዛሬ አይመቸኝም እንደሚል የቢሮ ሰው። መቼ እንደምትነሳና መቼ እንደምታኮርፍ የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት መሪዋን ጨብጦ የኖረው ሾፌር እንኳ ጠባይዋ ጠፍቶበታል።

ዛሬ ጠዋት ያኮረፈችው መንታ ተማሪዎች ልትጭን በቆመችበት ደጃፍ ላይ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ዞር አደረገ፣ መለሰ፣ ዞር አደረገ፣ መለሰ። ወይ ፍንክች! ከኋላ ያሉት ልጆች «እሺ ነገ! እሺ ነገ!» እያሉ ሲያጨበጭቡ የመንታዎቹ እናት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። ለሾፌሩስ ክፉ ብትሆን ይሻለው ነበር።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ከእርስዎ በቀር ማንንም አይፈልጉም» አለችው በመስኮቱ ጎንበስ ብላ። «ግን ነገ ፈተና አለባቸው። ወላጆች ሁላችንም ተነጋግረናል፤ ነገም ካረፈዱ ሌላ ሾፌር ልንይዝ ነው። አይቀየሙን።»

«ዛሬውኑ አሠራታለሁ» አላት። አፉ ይህን ይበል እንጂ በምን እንደሚያሠራት አያውቅም። ባትሪዋን ቀይሯል፤ ሞተሯን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አስፈትቶ አሳድሷል፤ ገመድ የሚባል ነገር ሁሉ አስቀይሯል። የቀረው ጸበል ብቻ ነው። ሰፈርተኛው ገፍቶ አስነሳለት፤ ልጆቹን አድርሶ በዚያው ወደ መካኒኩ ነዳት።

መካኒኩ አብሮ አደጉ ነው። ሲቀልድ ፊቱ ስለማይፈታ የማያውቀው ሰው ሁሉ የተቆጣ ይመስለዋል። ሾፌሩን ሰላም ሳይል መኪናዋን «ደግሞ መጣሽ?» አላት። ገብቶ ተቀመጠና ቁልፉን አዞረ። እሺ ነገ ባንድ ቃል ተነሳች። አጠፋት፤ አስነሳት። ደግሞ አጠፋት፤ ደግሞ ተነሳች። ሌሊቱን ሲያስል አድሮ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንደሚድን ልጅ ሆነች።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጠዋት እንቢ ብላኝ ነበር!»

«አምኛለሁ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለ መካኒኩ ኮፈኗን እየከፈተ።

ሾፌሩ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። መካኒኩ ሽቦ ይነካካል፣ ያስነሳታል፤ ብሎን ያጠብቃል፣ ያስነሳታል። በተነሳች ቁጥር የሾፌሩ ልብ ይወርዳል። መኪናው እንድትበላሽለት የሚጸልይ ሾፌር ታይቶ አይታወቅም፤ እሱ ግን እየጸለየ ነበር። እዚህ ካልታመመች ነገ ጠዋት ልጆቹ ፊት ትታመማለች። ከዚያ በኋላስ? ልጆቹን የማያደርስ ከሆነ ጠዋት ለምን ይነሳል? ቤት ተቀምጦ ሚስቱ ወጥ ባማሰለች ቁጥር ምክር ሊሰጣት ነው? እሷም በሳምንቱ ታባርረዋለች።

«ና እስቲ አንተ አስነሳት» አለው መካኒኩ በመጨረሻ። «እኔ ከታች ሆኜ ልያት።»

ሾፌሩ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መካኒኩ በተከፈተው በር በኩል ተንበርክኮ ባትሪ መብራቱን ወደ ፔዳሎቹ አበራ። ቁልፉ ዞረ። ጭጭ።

«አየህ! አየህልኝ?» ሾፌሩ ከደስታው የተነሳ መሪውን በጥፊ መታው።

«ፍሪሲዮኑን ርገጥ» አለ መካኒኩ ከታች።

«ረግጫለሁ።»

«ርገጠው እንጂ።»

«ሰውዬ፣ ረግጫለሁ አልኩህ! በዚህ ዕድሜዬ መንዳት ልታስተምረኝ ነው?»

መካኒኩ የሾፌሩን ግራ ጉልበት ይዞ ወደ ታች ተጫነው። ፔዳሉ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። «አሁን አዙር።»

እሺ ነገ ተነሳች።

«ይኸውልህ፣ ፔዳሉ ጋ ትንሽ ማብሪያ አለች» አለ መካኒኩ። «ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ካልተረገጠ ሞተሪኖው እንዳይዞር ትከለክላለች። እኔ ስረግጥ ይደርሳል። አንተ ስትረግጥ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም።» ቀና ብሎ አየው። «እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

«ምን እሆናለሁ? ቁጭ ብዬ ስለዋልኩ ደንዝዞኝ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሾፌሩ ግራ እግሩን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። ጣቶቹ ጥጥ የረገጡ ከመሰሉት ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሚስቱ «አንዱ ጫማህስ?» ብትለው ነው ነጠላ ጫማው በር ላይ ወልቆ እንደቀረ ያየው፤ ስቆ አለፈው። ሐኪም ቤት ሂድ ስትለው ብርድ ነው አላት። ማርሹ ሲንጓጓበት የረገመው ማርሹን ነው። ፈርቶ ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ ባትሪ ይቀይራል።

«ማብሪያዋን እለፋት» አለ በጥድፊያ። «ሽቦዎቹን አገናኛቸውና ያለ እሷ ትነሳ። አይቻልም?»

«መቻሉንማ ይቻላል። ሻይ እስኪፈላ ያልቃል።»

«እንግዲያው ምን ቆመሃል? ጠዋት ልጆች አሉብኝ!»

መካኒኩ ጥቂት አየውና መሣሪያ ሊያመጣ ሄደ። ሾፌሩ እፎይ አለ። ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው፤ የደነዘዘው ግራው ነው፤ ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ይህን ለራሱ ነገረው። ደግሞም ነገረው። እንደገና ሊነግረው ሲል በመስታወቱ የኋላ ወንበሮቹን አየ፤ አንዱ ላይ የሕፃን ሹራብ ተረስቷል። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያወርደው ቁልቁለት ትዝ አለው። ቁልቁለቱ የሚያልቀው ልጆቹ መንገድ የሚሻገሩበት ላይ ነው። ቀኙስ ደህና ለመሆኑ ማን አየለት?

መካኒኩ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ ተመለሰ።

«ቆይ» አለው ሾፌሩ። የቀኝ እግሩን ጫማና ካልሲ አውልቆ እግሩን በበሩ ወደ ውጭ ዘረጋ። «ውስጥ እግሬን በካቻቢቴው ጫፍ ንካኝ። እኔ አላይም።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከአጥሩ ማዶ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። ጠበቀ። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ይጎተታል?

«ንካኝ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

መካኒኩ ቀና ብሎ አየው።

«እየነካሁህ ነው» አለ።

ሾፌሩ ዓይኑን ገለጠ። ውስጥ እግሩ ላይ የካቻቢቴው ጫፍ ተተክሎ ቆዳውን አጎድጉዶታል። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ አየው። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አብሮ አደጉ ፊት ስለሆነ አልደበቀውም።

ቁልፉን ነቅሎ ለመካኒኩ ሰጠው። ስልኩን አውጥቶ ለመንታዎቹ እናት ደወለ።

«ለነገ ሌላ ሾፌር ፈልጉ» አላት።

«ውይ ጋሼ! እንቢ አለች እንዴ? መካኒኩስ ምን አለ?»

«እሷስ ደህና ናት፣ ልጄ» አለ ሾፌሩ። «ምንም የላትም።»