ኮክና ጽጌረዳ ዘመዳሞች ናቸው

የሰፈሩ ሰው «የዛፍ ሐኪም» ይለኛል፤ ግማሹ ለማክበር፣ ግማሹ ለማላገጥ። በእፅዋት ጤና ቢሮ ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ለመጣው ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ የታመመ ዛፍ የቆረጣችሁበትን መቀስ በአልኮል ሳታጥቡ ሌላ ተክል እንዳትነኩበት። ይህን ስናገር ድምፄ ሁሉ ይጎረንናል።

ባለፈው ዓመት የእናቴን ኮክ ፈንገስ ያዘው። ቅጠሉ ብርማ ሆነ፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ መሀሉ ቡናማ ነበር። ቅርንጫፎቹን በመቀስ፣ ግንዱን በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩት። ከቢሮ ስልክ ተደወለና መቀሱን ሳላጥበው መስኮቱ ላይ ትቼው ሄድኩ።

ዛሬ እናቴ ጠርታኝ ጽጌረዳዎቹ ዘንድ ወሰደችኝ። አሥራ አንድ ናቸው፤ አባቴ በሞተበት ዓመት በእጁ የተከላቸው። በየማለዳው «እንዴት አደራችሁ» ትላቸዋለች። ቅጠላቸው እንደ ኮኩ ብርማ ሆኗል። አንዱን ቅርንጫፍ ሰበርኩት፤ መሀሉ ቡናማ ነው።

«የዛፍ በሽታ አበባ ይይዛል እንዴ?» አለችኝ።

«ኮክና ጽጌረዳ ዘመዳሞች ናቸው፣ እማዬ። ይይዛል።»

«መድኃኒትስ?»

«የለውም።»

ለስንቱ ሰው ያልኩት ቃል ነው፤ ለእሷ ስለው ግን ዓይኗን ሸሸሁ። እሷ ቅጠሉን ስትዳስስ ቆየችና፣

«እግር የላቸው፤ እንዴት ተላለፈ?» አለች። «ያኔ አንተ ስትሄድ በዚያው መቀስ ከርክሜያቸው ነበር። ትናንትም የደረቁትን ቆረጥኩበት። በእኔ እጅ ይሆን እንዴ ልጄ?»

ጥፋቱ የእኔ ነው። እውነቱን ብነግራት ግን «የሰውዬውን አበባ ገደልኩት» ብላ እስከ ዕለተ ሞቷ ልትብሰከሰክ ነው።

«ነፋስ ነው» አልኳት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ ነፋስ ላይ ለከክኩት።

ፊቷ ፈካ። «ተመስገን! እኔማ ፈርቼ፣ ጎረቤታችን ፕሪሞቹን ሊከረክምበት ሲለምነኝ ‹ልጄን ልጠይቅ› ብዬ መልሼው ነበር» አለችና መቀሱን ከመስኮቱ አንስታ ወደ አጥሩ ሄደች። «መምህር! ይኸው ውሰድ፤ ልጄ መቀሱ ምንም የለውም ብሏል!»

ጡረተኛው አስተማሪ ጎረቤታችን እጁን ዘረጋ። «የዛፍ ሐኪሙ ከፈቀደማ!» ብሎ ሳቀ።

ፕሪምም የኮክ ዘመድ ነው፤ «እጠቡት» ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴ፣ ከስንት ቀን ጭንቀት በኋላ ቀለል ብሏት፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች። አፌን መልሼ ገጠምኩት።

ከአጥሩ ማዶ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ።