የኮሶው ቀንድ

«ስንዱ ከጠመቀችው ከሆነ ይቅርብኝ» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ፣ ጠላ የተቀዳበትን የቀንድ ዋንጫ በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው። «ከጎረቤት የመጣው አላለቀም።»

አድማሴ ሰማ። የወንድሙ የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ሣልስት ነው። ቀሐ ወንዝ ዳር ያለው ቤት በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ሹክሹክታውም እንደዚያው። ሚስቱ ስንዱ ኮሶ አክርራ አጠጥታ ገደለችው ይላሉ። ከአርባው በፊት ከቤት ትውጣ የሚሉም አሉ፤ አክስትየው እንኳየሁ ዋናዋ ናቸው። ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች።

እውነቱን የሚያውቀው አድማሴ ነው። አፉን የዘጋው ደግሞ ሟቹ።

አምና ክረምት መሪጌታ ደም ሸና። አላመመውም። «ኮሶው ነው ያቀላው፣ ሆዴን እየጠረገው ነው» ብሎ ኮሶ ደገመ። ደሙ ቆመ። ሲመለስ ደግሞ ጠጣ፣ ደግሞ ቆመ። ደሙ በራሱ ጊዜ የሚሄድ የሚመጣ ነበር፤ ምስጋናውን የወሰደው ኮሶው ነው። ስንዱ ስታመነታ «ውቀጪ!» ይላታል።

አድማሴ «አያ፣ ሐኪም ይይህ» ቢለው በተማሪዎቹ ፊት ሳቀበት።

«ዳዊት ሳይጨርስ የሸሸ ሰው ዛሬ ባለመድኃኒት ሆነ?»

ተማሪዎቹም ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከአድማሴ ጉሮሮ አልወረደም።

የደም ጓል ሽንቱን ዘግቶ ሲያስጨንቀው ግን በበቅሎ አፈናጥጦ ሆስፒታል የወሰደው ያው የተሳቀበት ነው።

«ፊኛው ላይ ነቀርሳ በቅሏል» አለ ሐኪሙ። «መጀመሪያ ደም ሲያይ ቢመጣ ቆርጠን እናወጣው ነበር። አሁን አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።»

ሲመለሱ በመንገድ መሪጌታ ልጓሙን ሳብ አደረገ።

«ማሕሌት የምመራ ሰው ነኝ። ከሽንቱ ታመመ እንዳይሉኝ። ማርያምን በል።»

አድማሴ ማለ። ወንድሙ እግዜር ይስጥህ እንኳ አላለውም።

«ስትገድለው ምነው ዝም አልክ?» አሉት አሁን በሣልስቱ እንኳየሁ፣ ስንዱ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«በሕይወቱ አፌን ዘጋ፤ ሞቶም ሊዘጋው ነው?» አለ አድማሴ። «አስምሎኝ ነበር፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ። ፊኛው ላይ ነቀርሳ በቅሎ ደም ይሸና ነበር። ሐኪሙ ሲናገር አጠገቡ ቆሜ ነበር። ኮሶውን ውቀጪ እያለ የሚቆጣት ራሱ ነው።»

«በሣልስቱ እንዲህ ያለ ነውር ይወራል?»

«እሱን የገደለው ይኸው ነውር ነው፣ እትዬ።»

ለቀስተኛው ወደ ስንዱ ዘወር አለ። ዋንጫውን ግን ማንም አልነካውም።

አድማሴ አነሳው። ወንድሙ ኮሶ ይጠጣበት የነበረው ቀንድ ነው፤ ከምሬቱ የተነሳ በጥርሱ የነከሰው ጠርዝ ተሸርፏል። አፉን እዚያው ላይ ገጥሞ እስከ አተላው ጨለጠው። ከዚያም ወደ ስንዱ ዘረጋ።

«ድገሚኝ» አለ።