የኬላው ምስክር

ሙዘይን የአርዲቦ ገበሬ ነው። ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ ከጎረቤቱ ከኡስማን ጋር በፈቃደኝነት ኬላ ጥበቃ ገባ። ደመወዝ የላቸውም፤ የተሰጣቸው ዱላና ክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ተፈናቃይ ጭኖ የሚሸሽ አይሱዙ የኬላውን ገመድ በጥሶ ሁለቱንም ገጫቸው። ኡስማን እዚያው ሞተ። የሙዘይን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ደቀቀ።

ስማቸው የሰፈረበት መዝገብ ከተማው ሲያዝ ተቃጠለ። ኡስማን በጥበቃ ላይ መሞቱን በዓይኑ ያየ ሙዘይን ብቻ ቀረ።

ከተማው ተለቆ ቢሮዎች ዳግም ሲከፈቱ እግሩ አመርቅዞ ነበር። ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እንደሚቆረጥ ነገረው። ሙዘይን የጤና መድን ደብተሩን ይዞ ወደ መድን ቢሮው ሄደ።

“በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት መድኑ አይከፍልም፤ አሠሪህ ያሳክምህ” አሉት።

ወደ ጸጥታ ቢሮ ተሻገረ። ጸሐፊው ከበደ አዘነለት። “ፈቃደኛ እኮ አሠሪ የለውም፣ ወንድሜ። መመሪያ እስኪመጣ ጠብቅ።”

“እግሬስ ይጠብቃል?”

ከበደ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ያን ቀን ከእርሻዬ እርከን ላይ ወደቅሁ ብለህ ፈርም። ያኔ መድኑ ይሸፍንልሃል።”

ሙዘይን ሳይፈርም ወጣ። ያን ፈርሞ ለኡስማን በምን አፉ ይመሰክራል? ሳምንት ሙሉ ከመደቡ ሳይነሳ ሰነበተ። በመጨረሻ የኡስማን ሚስት አሲያ ሰምታ መጣች።

“ፈርም” አለችው። “ኡስማን እንደሁ ተቀብሯል። አንተም ስትቆረጥ ልይ?”

“አንቺስ?”

“አላህ አለ።”

ከበደ ዘንድ ተመልሶ ፈረመ። እግሩ ተረፈለት፤ በምርኩዝ መሄድ ጀመረ።

በሚያዝያ ለፈቃደኞች ካሳ የሚፈቅድ መመሪያ መጣ፤ አሲያም ምስክር አምጪ ተባለች። ሙዘይን አብሯት ገብቶ ያየውን አንድ በአንድ ተናገረ። ከበደ ፋይሉን ገልጦ የሙዘይንን ፊርማ አወጣ።

“በዚያን ቀን እርከን ላይ ነበርኩ ብለሃል። ያ ውሸት ነው ካልክ መድኑን አጭበርብረሃል፤ ትከሰሳለህ።”

“አንተ አይደለህም ያስፈረምከኝ?”

ከበደ አቀረቀረ። “እኔም ልጆች አሉኝ።”

“ይሁን። ውሸቱ የፊተኛው ነው። ጻፍ።”

ከበደ እስክሪብቶውን አነሳ። አሲያ ግን “አንተን አሳስሬ ካሳ አልወስድም” ብላ ማመልከቻዋን ከጠረጴዛው ላይ ስባ ወጣች። ሙዘይን በምርኩዙ እየተንገዳገደ ተከተላት። ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችው፤ ፊቷን ግን ወደ እሱ አላዞረችም።