ውኃ የጠገበ አበባ

«ለስንት ሄክታር ነው?» አለ ጀይላን፣ ከመደርደሪያው ሥር ትልቁን ከረጢት እየጎተተ።

«ኧረ ሄክታር እንኳ የለም» አለ ታፈሰ።

«ለስንት ጥማድ ታዲያ?»

ታፈሰ ግራ ቀኙን አየ። እርሻ መድኃኒት መሸጫው ውስጥ ሁለት ገበሬዎች የጎመን ዘር እያገላበጡ ቆመዋል። ድምፁን ቀነሰ። «አበባ ነው። ከሥሩ እየበሰበሰ አስቸገረኝ።»

ጀይላን ከረጢቱን ለቀቀና ቀና አለ። «የአበባ እርሻ ገባህ? አንተ ሰውዬ፣ የስፌት መኪናህ ላይ እንዳቀረቀርክ ኢንቬስተር ሆንክ? መሬቱን የት ሰጡህ፣ በቴፒ መንገድ?»

«ምን መሬት አመጣህ፣ አንድ አበባ ነው! የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው።»

«አንድ?»

«አንድ። ቅጠሉም አራት ቢሆን ነው።»

ጀይላን ከረጢቱን በእግሩ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰው። «ታፈሰ ወንድሜ፣ ለአራት ቅጠል ከረጢት አልፈታም። የሚጋራህ ሌላ ኢንቬስተር ፈልግና ተመለስ።»

ገበሬዎቹ ግን የያዙት የመጀመሪያውን፣ የኢንቬስተሩን ወሬ ነበር። ሚዛን ከተማ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ታፈሰ ባዶ እጁን ሰፈሩ ሳይደርስ ባለሀብትነቱ ቀድሞት ደርሷል። በማግሥቱ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ፣ ለወንድሙ ልጅ የዘበኝነት ሥራ ሊለምን ልብስ ስፌቱ በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

አበባው የራሱ ቢሆን ኖሮ ታፈሰ እንዲህ ባልተጨነቀ። የሲስተር ነው። ሲስተር የዓለምዘርፍ አማን ሆስፒታል ነርስ ሆና ስትሠራ፣ ከልብስ ስፌቱ ጎን ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ ታፈሰም እንደ ሰፈሩ ሲስተር ይላታል፤ ስሟን ለብቻው ሲሆን ነው የሚጠራው፣ ያውም የስፌት መኪናው እየጮኸ። አንድ ጊዜ ከቴፒ ስትመለስ ዝናብ የጣለው ዛፍ መንገድ ዘጋባቸው። ሌላው ተሳፋሪ መንግሥትንም ሹፌሩንም ሲራገም፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ የወደቀው ዛፍ ቅርንጫፎች መሀል ገባችና ይህን አበባ ከተጣበቀበት ግንድ ጋር ይዛ ወጣች። ኦርኪድ ይባላል አለች። በሲባጎ አስራ በረንዳው ላይ ሰቀለችው።

ሲያብብ ነጭ ነው፤ ትንንሽ ነው። ቀን ቀን ዝም ይልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሸታል። ያን ሰሞን ታፈሰ የጀመረውን ሱሪ ሳይጨርስ መኪናውን ከድኖ በረንዳ ይወጣል፤ ሲስተርም ከሥራ ትመጣለች። ሁለቱ ሁለት ዱካ ላይ ተቀምጠው ያሸታሉ። ምን ይነጋገሩ እንደነበር የሰፈሩ ሰው ብዙ ጆሮውን ቀስሯል፤ የሰማ ግን የለም፤ ምክንያቱም አይነጋገሩም ነበር።

ከዚያ ወደ ማሻ ተዛወረች። ዕቃዋ አይሱዙ ላይ ከተጫነ በኋላ ግንዱን አንስታ ሰጠችው። «ማሻ ብርድ ነው፣ አይችለውም። ሲያብብ ደውልልኝ፤ መጥቼ አየዋለሁ።»

«እሺ ሲስተር» አለ ታፈሰ። በልቡ የነበረው ሌላ ነበር፤ ካፉ የወጣው ይኸው ነው።

እና አልደወለም። አላበበማ! ሳያብብ ደውሎ ምን ይላል? ለሙሽራ ልክ ሲወስድ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ በሣቅ የሚገድል ሰው፣ የሷን ቁጥር ሞባይሉ ላይ ሲያይ ምላሱ ይተሳሰራል። ይህ አበባ ከሞተ በዚህ ዓለም ላይ የዓለምዘርፍን የሚደውልበት ሰበብ አይኖረውም፤ ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

ደግሞ እየገደለው ያለው ራሱ ነው። የሰው አደራ ያለ አፈር ተንጠልጥሎ ማደሩ ነውር መሰለው። ግንዱን ጣለና፣ ያንን የሚዛንን ጥቁር አፈር ከቡና ገለፈት ጋር አሽቶ፣ የዘይት ቆርቆሮ ሞልቶ ተከለው። በረንዳው እንዳይበላሽ ብሎ ቆርቆሮውን አልበሳውም። ከዚያ ማጠጣት ነው። የማሻ አውቶቡስ ጡሩምባ ሲነፋ ያጠጣል። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ስታልፍ ያጠጣል። ቅዳሜ ነው ብሎ ያጠጣል። ሰማዩ ራሱ ሥራ ፈትቶ በማያውቅበት አገር፣ ታፈሰ በላይ በላዩ ያንቆረቁርበታል።

መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ከዚያ የቅጠሉ ብብት ጠቆረና ሲነኩት እንደ በሰለ ሙዝ ይሟሽሽ ጀመር። በመጨረሻ ጠረን አመጣ፤ የቡና ማጠቢያ ገንዳ ውኃ ሲከርም የሚሸተውን ዓይነት።

«ኢንቬስተሩ! ምርቱ ሸተተን እኮ!» አሉ በየነች ከአጥሩ ወዲያ። እትዬ በየነች ከጓሮ የቡና ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ ጎረቤቱ ናቸው፤ ከሳቸው አፍ ያመለጠ የሰፈር ሰው የለም።

«ይሣቁ እትዬ፤ እሱ እየሞተብኝ ነው።»

በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው መጡና ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ነክረው አወጡ። «ሰክሯል። ምነው ልጄ፣ እንዲህ እስኪሰክር ማጠጣት? ችግኝም ሲያጠጡት ሲውሉ አንገቱ ጠቁሮ ይወድቃል።»

«ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ጠምቶት ነው እንጂ።»

«የጠማህስ አንተ ነህ» አሉት በየነች፤ በመጡበት ቀዳዳ ተመልሰው ገቡ። ታፈሰም እልህ ይዞት፣ ዞር ማለታቸውን አይቶ አንድ ጣሳ ውኃ ጨመረለት።

ያን ሰሞን ለአንድ ሙሽራ ሱፍ ሊያደርስ ቴፒ መንገድ ላይ ወዳለ የቡና ማሳ ሄደ። መንገድ ላይ ዶፍ ያዘው። ሱፉን ጃኬቱ ሥር ወሽቆ ቡናው መሀል ያለ ዋንዛ ሥር ተጠለለ። ዝናቡ እስኪያባራ የሚሠራው ስለሌለ ወደ ላይ አየ፤ አየና ቀረ። ያው የሲስተር አበባ ዓይነት እዚያ ነው! ቅርንጫፉ ላይ በሰልፍ ተጣብቋል፤ ከሥሩ እፍኝ አፈር የለም። ሥሮቹ ቅርፊቱን እንደ ጣት ጨብጠው፣ ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ሲያባራ ውኃው በግንዱ ላይ ወርዶ ሄደ፤ ነፋስ መጣና ቅጠሉን አራገፈው፤ ብዙም ሳይቆይ ሥሮቹ ደርቀው ነጡ። ዝናቡ ያጠጣዋል፣ ግን አይቀመጥበትም። ታፈሰ የሙሽራውን ሱፍ አቅፎ እንደ ቂል ቆሞ ቀረ።

ሲመለስ ከሰው ጋር እንኳ ሳይነጋገር ቆርቆሮውን ገለበጠ። አፈሩ እንደ ገንፎ ተዘረገፈ። ሥሮቹ ቡናማ ሆነው፣ ሲስባቸው ቆዳቸው እየተገፈፈ ክር ብቻ ይቀራል። ጠንካራና ነጣ ያሉት ከጥቂት አይበልጡም። መቁረጥ ያስፈልጋል። ያለው ስለት ደግሞ የልብስ መቀሱ ነው፤ እናቱ ብትመጣ እንኳ ወረቀት የማያስቆርጥበት መቀስ!

ሲስተር ማንኛውንም ነገር ከመንካቷ በፊት ጥጥ በአልኮል ነክራ ትጠርግ እንደነበር ትዝ አለው። ከፋርማሲ አልኮል ገዛ። መቀሱን ጠረገ፤ ቆረጠ፤ እንደገና ጠረገ፤ ቆረጠ። የሞተውን ሁሉ፣ ጠንካራው እስኪደርስ። የጠቆረውንም ቅጠል ከብብቱ አነሳ። ጀይላን መድኃኒት ስለከለከለው በየነችን ሊጠይቅ ወደ አጥሩ ሄደ፤ እሳቸውም ለዚህ እንኳ የሚሉት አላጡም።

«ቀረፋ ፈጭተህ ቁስሉ ላይ ነስንስ፤ ያደርቀዋል። ቁስሉ ላይ ብቻ! ሻይ እያፈላህለት አይደለም።»

ነሰነሰ። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አዋለው። ከዚያ ከዋንዛ ግንድ ላይ በተላጠ ቅርፊት ላይ አስቀምጦ፣ ከሥሩ የከሰል ስብርባሪ ወሽቆ በሱፍ መስፊያ ክር አሰረው። ሲስተር ሰቅላበት በነበረው ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ነፋስ የሚያገኘው፣ የጣሪያ ፍሳሽ የማያገኘው ቦታ ነው። ሴትየዋ ከመጀመሪያውም አውቃ ነበር ለካ።

ከዚህ በኋላ ከባዱ መጣ፤ አለማጠጣት። ጧት ሥሮቹን በስሱ ያረጥባል፤ የቅጠሉ መሀል ውኃ ካቆረ በጨርቅ ጫፍ ይመጥጣል፤ ከዚያ እጁን ይሰበስባል። የማሻ አውቶቡስ ጡሩምባ ይነፋል፤ ታፈሰ ጣሳውን አንስቶ ይቆማል፤ መልሶ ያስቀምጣል። መናፈቅ ያለ ጣሳ ምን ያህል እንደሚከብድ የቀመሰ ያውቀዋል። እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ያለቀ ኮት ፈትቶ እንደገና ሰፋ።

ክረምቱ አለፈ፤ ቡናው ቀላ። አበባው አላበበም፤ አልሞተምም። አንድ ቀን ጧት ታፈሰ ጨርቁን ይዞ ጠጋ ሲል፣ ከቅጠሉ ሥር አዲስ ነገር ወጥቷል፤ ጫፉ አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ ወደ ቅርፊቱ እየተጠማዘዘ።

«እትዬ በየነች! ሥር አወጣ! ይምጡ ይዩ!»

በየነች መጡ፤ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። «እሰይ። ለሷ ነገርካት?»

«ሲያብብ ነው ደውልልኝ ያለችው።»

በየነች ነጣ ነጣ ወዳለው ፀጉሩ ሽቅብ አዩ። «አንተስ አብበሃል» አሉና ሄዱ።

ታፈሰ እጁን ራሱ ላይ አሳለፈ። መስታወት አላየም፤ መስታወት አያስፈልገውም። ሞባይሉን አወጣ። መልሶ ኪሱ ከተተ። አወጣ።

«ሃሎ?»

«ሲስተር፤ ታፈሰ ነኝ፣ ከሚዛን።»

ወዲያ ማዶ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል። «ታፈሰ!» አለች። «አበበ እንዴ?»

«የለም። አላበበም። ሥር ነው ያወጣው።» ከጀመረ ማቆም አቃተው፤ አፈሩን ነገራት፣ ቆርቆሮውን፣ ዋንዛውን፣ መቀሱን፣ ቀረፋውን። «ውኃ እያጠጣሁ ልገድለው ነበር ሲስተር። አሁን ግን ገብቶኛል። ምንም አልነካውም። እንዳይበሰብስ ብዬ ደረቅ አድርጌ ነው የያዝኩት።»

ማሻ ላይ ዝናቡ ቀጠለ። ሲስተር ከዝናቡ በላይ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኔንም እንዳልበሰብስ ብለህ ነው እስካሁን ያደረቅኸኝ?»