በሂማልያ አድባር የተመራው መሪ

መምራት ጥበብ ነው፤ መመራት ግን ጥበብን የሚያስከነዳ ትሕትናን ይሻል። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ዘመናቸውን ሁሉ ከፊት እየቀደሙ የጠፋውን የመለሱ፣ የደከመውን የደገፉ፣ ገደሉን ከሜዳው ለይተው ያመለከቱ ሰዎች፣ ቀን ተገልብጦ ከኋላ እንዲከተሉ ቢታዘዙ፣ እግራቸው ይታዘዝ ይሆናል እንጂ ልባቸው ፈጥኖ አይታዘዝም፤ ዓይን ሁሉን እያየ ራሱን ማየት እንደማይችል፣ የብዙዎችን ድካም ከሩቅ የሚለይ ልቡናም የገዛ ራሱን ድካም ለማወቅ ከሁሉ ይዘገያልና።

አቶ ደርሶ በላይነህ በደባርቅ ተወልደው ያደጉ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዶችን በሰሜን ተራሮች፣ በገደሉ ከንፈርና በጅብራው ሜዳ እየመሩ እስከ ራስ ዳሸን አድርሰው የመለሱ፣ ስመ ጥርና ምስጉን መራሔ ፍኖት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ወደ ጎንደር ከተማ ወርደው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ጋር በጽሙና ሲኖሩ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ልጆቻቸውም የወላጆቻቸውን የጋብቻ አርባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ በኔፓል አገር፣ በሂማልያ ታላላቅ አድባር መካከል፣ በአስጎብኚ የሚመራ የዐሥራ አራት ቀን የእግር ጉዞ አዘጋጅተው የዕረፍት ስጦታ ይሆናቸው ዘንድ አበረከቱላቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ዜናውን በሰሙ ጊዜ እጃቸውን በአፋቸው ጭነው ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ከጣውንቴ ከዳሸን ሲመለስ በር ላይ ቆሜ ስቀበለው ኖሬ፣ አሁን በስተርጅና ታላቅ እህቷን ላስተዋውቅሽ አለኝ በሉኛ!» አሉ፤ ይሁን እንጂ በማግስቱ የጉዞ ጫማ ሊለኩ ገበያ ወጡ።

በኔፓል የተቀበላቸው አስጎብኚ ፉርባ ይባል ነበር፤ ከሸርፓ ነገድ የተወለደ፣ በዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ፊቱ በፀሐይና በአስሐትያ የጠቆረ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ እርምጃው ዝግ ያለ ሰው ነው። አቶ ደርሶን በአገሩ ልማድ ታላቅ ወንድም ሲል «ዳይ»፣ ወይዘሮ ትርንጎን ደግሞ እናት ሲል «አማ» ብሎ ይጠራቸው ጀመር። ይህም ሰው የማይሽረው አንድ ሥርዓት ነበረው፤ ነግህና ሠርክ፣ በየማደሪያው ደጃፍ ቆሞ፣ እያንዳንዱን መንገደኛ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ራስህን አመመህ? እህል ወደድህ? እንቅልፍ ወሰደህ? የተሰጠውንም መልስ እንደ እውነት ይቀበላል። ጥያቄውና መልሱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ይህንንም ቋንቋ ከሁለቱ የሚያውቁት በሥራ ዘመናቸው የለመዱት አቶ ደርሶ ብቻ ስለ ነበሩ፣ የወይዘሮ ትርንጎ ቃል ሁሉ በባላቸው አፍ በኩል ያልፍ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት በደስታና በመደነቅ አለፉ፤ በቀይ አበባ ባጌጠ ጫካ፣ በጥልቅ ወንዝ ላይ በተዘረጋ የሽቦ ድልድይ፣ ጸሎት የተጻፈባቸው ባለ አምስት ቀለም ጨርቆች በሚውለበለቡባቸው ኮረብቶች በኩል ወጡ። በስምንተኛው ቀን ከአንድ የድንጋይ ማደሪያ በደረሱ ጊዜ አቶ ደርሶ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ትርንጎ፣ አሁን የቆምሽበት ከዳሸን ራስ ጋር ትክክል ነው፤ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ለእኔም አዲስ ነው» አሉ፤ በዚያችም ሰዓት አንድ ነገር ከራስ ቅላቸው በስተኋላ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ይህ ቀጭኑ አየር የሚያመጣው ሕመም እንደ ሆነ፣ ቸል ቢሉትም አንጎልን አሳብጦ ሰውን ባለበት ሊያስቀር እንደሚችል ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ሕመሙ የቆላ ሰውና የፈረንጅ ነው፣ የሰሜን ልጅ የሚል ስም የተሸከመ ሰው ዘንድ አይደርስም ብለው በልባቸው ተሟገቱ፤ ስምንት ዓመት በከተማ የኖረ ደም የተራራውን ትምህርት እንደሚረሳ አላሰቡም።

በማግስቱ ፉርባ እንደ ልማዱ መጥቶ ጠየቃቸው፤ አቶ ደርሶም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ሲሉ መለሱ። አንባቢ ሆይ፣ ሐሰት ተናገሩ ብለህ ለመፍረድ አትቸኩል፤ በአገራችን ሥርዓት ስለ ጤናው የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ ሕመሙን አይዘረዝርም፤ ሲደገምበትም ዳግመኛ ያመሰግናል፤ ሕመም የሚገለጸው በሦስተኛው ጊዜ፣ ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ግን አንተስ?» ባለ ጊዜ ነው። ፉርባ ግን የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ ይህን ታግሠው አንድ ቀን አለፉ። በዐሥረኛው ቀን ማለዳ፣ በሁለት ተራሮች መካከል፣ ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ ወዳለው መተላለፊያ፣ ወደ ታላቁ በር ሊወጡ ሲሰናዱ፣ ባላቸው የቀረበላቸውን ቁርስ በማንኪያ እያገላበጡ ሳይቀምሱ እንደ ተውት ባዩ ጊዜ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ንገረው እንጂ አንተ ሰው! ሌሊቱን ስታቃስት አደርክ፤ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፍህ አልዞረም። ባሌ ታሟል፣ ትላለች በለው!» አሉ። አቶ ደርሶ ወደ ፉርባ ዘወር ብለው፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ባለቤቴ የተራራው ውበት እንቅልፍ ነሳኝ ትላለች» ብለው ተረጎሙ። ፉርባም ፈገግ ብሎ፣ ሁለት መዳፎቹን አጋጥሞ፣ ለወይዘሮዋ እጅ ነሣ። ወይዘሮ ትርንጎ ያንን ፈገግታ በልባቸው ያዙት፤ መንገድ ሲጀመርም ከኋላ ሆነው እንዲህ እያሉ ያወጡ ያወርዱ ነበር፤ ስለ ሕመም ተነግሮት ፈገግ የሚል ሰው ወይ ጨካኝ ነው፣ ወይ አልተነገረውም፤ ይህ ሰው ደግሞ ትናንት በመንገድ ላይ ትል እንዳይረግጥ እግሩን ያነሣ ሰው ነውና ጨካኝ አይደለም።

ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ጨርቆቹ ከሚውለበለቡበት የድንጋይ ክምር አጠገብ በደረሱ ጊዜ፣ የአቶ ደርሶ በትር ሁለት ጊዜ ስታ ባዶ አየር ወጋች። ወይዘሮ ትርንጎ ፈጥነው አልፈው መንገዱን በሰውነታቸው ዘጉ።

«ደርሶ፣ ቁም። ማርያምን በል!»

«ምነው በሰው አገር ታስምይኛለሽ?»

«በሰው አገርም ማርያም አለች። ራሴን አላመመኝም በል፤ ከዚያ ማርያምን በል። ካልክ እስከ ሰማይ ድረስ እከተልሃለሁ።»

አቶ ደርሶ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነፋሱ ገብቶ ወጣ እንጂ ቃል አልወጣም። በአርባ ዓመት ጋብቻ ውስጥ ብዙ ነገር ሸሽገው ሊሆን ይችላል፤ በእመቤታችን ስም ግን በሐሰት ምለው አያውቁም ነበር። ፉርባ አንድ ጊዜ ወደ እሳቸው፣ አንድ ጊዜ ወደ ወይዘሮዋ ተመልክቶ፣ «ዳይ፣ አማ ምን አለች?» ሲል ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ግን አንደበቱ ታስሯልና የሚመልስለት አጣ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ትርንጎ የባላቸውን ራስ በጣታቸው አመለከቱ፣ ሆዳቸውን አመለከቱ፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው አስደግፈው ዓይናቸውን ከፍተው እንቅልፍ ማጣትን አሳዩ፤ ፉርባም የንግግር ብዛት ያላስረዳውን ከዚያ ዝምታና ከዚያ ምልክት ተረዳ። ምንም ሳይናገር በበትሩ ጫፍ፣ መሬቱን በሸፈነው ስስ በረዶ ላይ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ።

«ይህን መስመር ለማን እንደምታሰምር ታውቃለህን?» አሉ አቶ ደርሶ፣ የቀረች ኩራታቸውን ሰብስበው። «ቀጭኑ አየር የመታውን እንግዳ ከጤነኛው ለመለየት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ዳይ፣ እንዴት እንደሚረገጥ ማሳየት አያስፈልገኝም» አለ ፉርባ።

አቶ ደርሶ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያጋጠሙ አንድ ረገጡ፤ ሁለት ረገጡ፤ ሦስተኛው ላይ ምድር እንደ ታንኳ ዘመመችባቸው፤ አራተኛው እርምጃ ከመስመሩ ውጭ ዐርፎ፣ ራሳቸውን በፉርባ ክንድ ላይ አገኙት። ለጥቂት ጊዜ ደግፎ የያዛቸውን ክንድ ተመለከቱ፤ ከዚያም በሰሜን ገደል ላይ በስንቱ ባዕድ ላይ፣ እያለቀሰ ሲለምናቸው፣ ሳይራሩ የፈረዱትን ፍርድ፣ በዚያው በቀድሞው የመሪነት ድምፅ፣ በራሳቸው ላይ ፈረዱ፤ «ወደ ታች። አሁኑኑ። ነገ አይደለም።»

መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ መራራ ሆነ። ደመናው ሸለቆውን ከአፍ እስከ ገደፉ ስለ ሞላው ሄሊኮፕተር ሊመጣ አልቻለም፤ እግር ብቻ ቀረ። ፉርባ የአቶ ደርሶን ወገብ በገመድ ከራሱ ወገብ ጋር አስሮ ክንዳቸውን በትከሻው ላይ ጣለ፤ ወይዘሮ ትርንጎም የባላቸውን ከረጢት ከራሳቸው ከረጢት ላይ ደርበው ተሸከሙ። አስተርጓሚው ከአስተርጓሚነቱ በተሻረበት በዚያ ቁልቁለት፣ ፉርባ በአገሩ ቋንቋ ሲጮህ ወይዘሮ ትርንጎ በአማርኛ ይመልሱ ነበር፤ ድንጋዩ የሚንከባለልበትን፣ ውኃው የሚያዳልጥበትን፣ የሚታረፍበትንና የማይታረፍበትን አንድም ሳይሳሳቱ ተግባቡ። ከሽቦው ድልድይ መካከል በደረሱ ጊዜ ግን አቶ ደርሶ ቆመው፣ ሚስታቸውን በባዕድ ዓይን ትክ ብለው አይተው፣ «እመቤቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የድልድዩን ሽቦ ጨብጠው፣ «የባሌ ሚስት ነኝ፤ እግርህን አንሣ!» አሉ፤ እንባቸውንም እንዳያይባቸው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወርደው፣ የመጀመሪያዎቹ የጽድ ዛፎች በሚበቅሉበት ተዳፋት ላይ ሲደርሱ፣ ቀኑ ገና አልመሸም፤ አየሩም እየወፈረ እንደ ወተት ወደ ሳንባ ይፈስ ነበር። አቶ ደርሶ ከአንድ ግንድ ሥር ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ተነፈሱ። ከዚያም ቀና ብለው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ «ትርንጎ፣ ይህን ሁሉ ሸክም ለምን አንቺ ተሸከምሽው? ወንድ የለም እንዴ?» አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ሁለቱን ከረጢቶች ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ ጣሉ፤ «አወቀኝ! አወቀኝ እኮ!» አሉ፤ ቀጥሎም ያ ሸለቆ ከተፈጠረ ጀምሮ ሰምቶት የማያውቀውን እልልታ ሦስት ጊዜ አቀለጡት። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፤ ከተዳፋቱ ግርጌ ያለችው መንደር ሴቶችም ሠርግ የመጣ መስሏቸው ከየደጃፋቸው ብቅ አሉ። ከእነርሱም አንዲቱ ምክንያቱን ከፉርባ በሰማች ጊዜ ሦስቱንም ወደ ቤቷ አስገብታ፣ የተቀቀለ ድንች ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር አቀረበች፤ አቶ ደርሶም ሰባት ድንች ከነልጣጩ በሉ፤ ወይዘሮ ትርንጎም እያንዳንዱን በጣታቸው እየቆጠሩ ተመለከቱ።

ከወረዱ በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ ሰማዩ ጠርቶ ታላቁ በር በነጭ ግርማው ከላያቸው ሲገለጥ፣ ፉርባ መጥቶ ከአቶ ደርሶ ፊት ተቀመጠ። ጤናቸው እንደ ተመለሰ፣ ከዐሥራ አራቱ ቀን ጥቂት አሳልፈው፣ ሦስት ቀን ዐርፈው በዝግታ ቢወጡ ምናልባት በሩን ሊያልፉ እንደሚችሉ ነገራቸው፤ ምርጫውም የእነርሱ እንደ ሆነ አስታወቃቸው። አቶ ደርሶ ዓይናቸውን ወደ በሩ አንሥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጫፍ ሳይደርሱ የመለሷቸው እንግዶች ወደ ኋላ እየዞሩ የሚያዩት አስተያየት ምን እንደ ነበረ ዛሬ ገና ገባቸው። ከዚያም፣ «ትርንጎ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ተራራው አይቶኛል፣ አይቼዋለሁ፤ እኔ ባሌን ይዤ ቤቴ እገባለሁ በለው። ደግሞ አደራህን፣ እንዳልኩት በለው።»

አቶ ደርሶም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ የመጨረሻዋን ማስጠንቀቂያ እንኳ ሳያስቀሩ፣ ቃል በቃል ተረጎሙ፤ ፉርባ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከረጢቶቹንም አንሥቶ ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ቀደመ። ሁለቱ አዛውንቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተከተሉት፤ ተራራ ዘወትር በስፍራው ይገኛል፣ ከስፍራው የሚታጣው ሰው ነውና፣ ጥበበኛ ከሁለቱ የሚጠፋውን ይጠብቃል።